መልስ፦ ካልሲየም እየጨመርኩ አልካሊኒቲው ለምን ይወርዳል?

ኮራል የተባሉትን የባሕር እንስሳት በሚያሳድጉበት የጨዋማ ውኃ ገንዳዎ (አኳሪየም) ካልሲየም በየቀኑ ቢጨምሩም፣ አልካሊኒቲው (በውኃው ውስጥ ያለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን) በሳምንት ውስጥ ከ8 ወደ 6 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) እንደወረደ ጽፈዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ የኮራሎቹ ማደግ ምልክት ነው። አጽማቸውን የሚገነቡት ከካልሲየምና ከካርቦኔት ስለሆነ ሁለቱንም ከውኃው ይወስዳሉ፤ አንዱን ብቻ መተካት ሌላውን አይመልሰውም።

ሌላ ነገር ከመጨመርዎ በፊት ግን ማግኒዚየሙን ይለኩ። በሊትር ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ከሚጨምሩት ብዙው ኖራ ሆኖ በማሞቂያውና በፓምፑ ላይ ይጋገራል። እኔ ይህን የተማርኩት ፓምፔ ድንገት ቆሞ ስከፍተው፣ መዘውሩ ነጭ ቅርፊት ለብሶ አልዞር ብሎ ሳገኘው ነው። በኮምጣጤ ዘፍዝፌ አዳንኩት።

ማግኒዚየሙ ደህና ከሆነ ሶዲየም ባይካርቦኔት በተጣራ ውኃ አሟሙተው፣ የውኃው እንቅስቃሴ ጠንካራ በሆነበት በኩል ቀስ እያሉ ያፍስሱ። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ከፍ አያድርጉት፤ መቸኮል ከዝቅተኛው ልኬት ይልቅ ኮራሎቹን ይጎዳል። ከካልሲየሙ ጋር በአንድ ጊዜ አይጨምሩት። ወተት የመሰለ ደመና ካዩ ሁለቱ ተገናኝተው ዘቅጠዋል ማለት ነው።

የሚተነውን ውኃ የሚተኩት በጨዋማ ውኃ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ። ጨው አይተንም።