መልስ፦ የጡት መያዣ ማንገቻ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ነው

ትከሻሽን የሚቆርጥሽ ማንገቻው ቢሆንም፣ የሰፋሽ ግን ከጡትሽ በታች ዞሮ ጀርባሽ ላይ የሚቆለፈው የጡት መያዣው ቀበቶ ነው። ክብደቱን በዋናነት መሸከም ያለበት እሱ ነው። ሲላላ ሸክሙ ሁሉ ትከሻሽ ላይ ይወድቃል። «42 ሲ አደርጋለሁ፣ ጀርባዬ ላይ ሽቅብ ይወጣል» ያልሽውም ይህንኑ ያሳያል።

40 ዲ ሞክሪ። ቁጥሩ የቀበቶው ልክ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ጡት የሚይዘው ክፍል ልክ። ቁጥሩ አንድ ደረጃ ሲወርድ ፊደሉ አንድ ስለሚጨምር ጡት የሚይዘው ክፍል አይጠብሽም። ሰፊ ማንገቻም ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አያድንሽም።

ስትሞክሪው፦

1. አዲስ ሲሆን በሰፊው መንጠቆ ቆልፊው። ላስቲኩ እየላላ ሲሄድ ወደ ጠባቡ ትሄጃለሽ።

2. ጎንበስ በይና ወደ ብብትሽ የሸሸውን ሁሉ በእጅሽ ወደ ውስጥ ሰብስቢ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከዚያ «ልክ ነው» ብሎ ጠባብ ይገዛል።

3. መስታወት ፊት ጎንሽን አዙሪ። ቀበቶው ከኋላ ከፊቱ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ጡትሽ ከላይ ገንፍሎ ከወጣ ፊደሉን አንድ ጨምሪ።

ከልምዴ አንድ ነገር፦ ለሐበሻ ቀሚስ ልትለኪ ስትሄጂ አዲሱን አድርገሽ ሂጂ። በላላው ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ፣ ጡት ከፍ ሲል ደረቱ ላይ ይወጠራል። ጥልፍ ያለበትን ደረት መልሶ ማስፋት ደግሞ ጎበዝ ሰፊንም ያስቸግራል።