ሰማይ ላይ ያለው ሞክሼያችን፦ ስለ «1432 ኢትዮጵያ» ጥያቄና መልስ

በማርስና በጁፒተር መካከል «ኢትዮጵያ» የሚባል አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ዓለታማ አካል) አለ ብዬ ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?
እውነት ነው። ሲሪል ጃክሰን የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጆሃንስበርግ ሆኖ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ቀን 1937) አገኘው። ስፋቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በዓይኑ አይቶት ነው?
በፎቶ ነው። ያኔ አንዱን የሰማይ ክፍል ደጋግመው ያነሱና ፎቶዎቹን ያስተያዩ ነበር። ከዋክብቱ ባሉበት ይረጋሉ። አንዷ ነጥብ ፈቀቅ ካለች፣ በቃ ተያዘች!

ጋሼ፣ ያኔ አገራችን በጣሊያን ተይዛ ነበር። ለእኛ አዝኖ ይሆን ስሙን ያወጣው?
እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር። ግን በቁጥር የሚቀድሙትን አስትሮይዶች እይ፦ 1428 ሞምባሳ፣ 1429 ፔምባ፣ 1430 ሶማሊያ፣ 1431 ሉዋንዳ። ሁሉም የጃክሰን ግኝቶች ናቸው። ቀደም ብሎም ኬንያና ኡጋንዳ ነበሩት። ሰውየው የአፍሪካን ካርታ ዘርግቶ ስም ሲያወጣ ነው የሚመስለኝ።

«1937 ፒጂ» የሚል ሌላ ስም አየሁ። ምንድን ነው?
ጊዜያዊ መጠሪያው ነው። «ፒ» የኦገስትን የመጀመሪያ አጋማሽ ያሳያል። «ጂ» ደግሞ በዚያ አጋማሽ ሰባተኛው ግኝት ማለት ነው። 1432 የሚለው ቋሚ ቁጥር የተሰጠው ምህዋሩ (ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ) በደንብ ከታወቀ በኋላ ነው።

ፀሐይን ለመዞር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?
3 ዓመት ከ8 ወር ገደማ። እዚያ ብትኖሪ እንቁጣጣሽ የሚመጣው በዚያ ልክ ነው። የ30 ዓመት ሰው ገና 8 ዓመቱ ነው! ምህዋሩ ሞላላ ስለሆነ ለፀሐይ ሲቀርብ ወደ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ሲርቅ 440 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል።

መጥቶ አይመታንም?
ኧረ በፍጹም። በጣም ሲቀርብ እንኳ የማርስን ምህዋር አያልፍም።

በልጄ ስም አንድ አስትሮይድ መግዛት እችላለሁ?
አይሸጥም። ሰርተፊኬት የሚሸጥልህ ካለ ብርህን ያዝ። ስም የማቅረብ መብት የአግኚው ነው፤ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ለ10 ዓመት። የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኮሚቴ ነው። ከ16 ፊደል እንዲበልጥ አይፈቅዱም። ፖለቲከኛና የጦር ሰው ከሆነ ከሞተ 100 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ለድመትህም ካሰብክ ተወው፤ የቤት እንስሳ ስም አይወዱም።