ያላለቀችውን መኪናህን ይዘህ ሥራ ፈልግ

ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ነው። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ይኖራል፤ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ ሸራ ለብሳ ለዓመታት የቆመች የ1967 ሞሪስ ማይነር የተባለች ትንሽ የእንግሊዝ መኪና በርካሽ ሸጡለት። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ እየፈታ፣ እየበየደ፣ እየገጠመ ነው። የጻፈልኝ ባጭሩ ይኸው፦ «ጋሼ፣ ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ግን እንጀራ ይሆናል? እናቴ በስልክ ‹ሰው ኮምፒዩተር ሲማር አንተ ቆርቆሮ ትቀጠቅጣለህ› ትለኛለች። ሒሳብም ደካማ ነኝ። ደግሞ መኪናዋን ሳልጨርስ ሥራ ብጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ልጨርሳት ወይስ ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። አትጠብቅ። ቀለም እስክትቀባት ድረስ ከተቀመጥክ ሌላ ሁለት ዓመት ይሄድብሃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የምታሳየው ይጠፋሃል። እንዴት መሰለህ? ያማረ ቀለም የተቀባች መኪና ስለ ሠራት ሰው ብዙ አትናገርም። ከስቱኮው ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል? የድሮ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እንጀራቸው ቀለም ሥር የተደበቀ ጉድ ማውጣት ነዋ። ልጆች ይዤ ለቃለ መጠይቅ በሄድኩባቸው ጋራዦች አንድ ነገር አስተውያለሁ። አሠሪው የተበየደ ብረት ሲሰጡት ፊቱን ብዙም አያይም። ይገለብጠዋል። ብየዳው ዘልቆ ገብቷል ወይስ ከላይ ብቻ ተለጥፏል የሚለው ከጀርባ ነው የሚታወቀው።

የላክልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። በተለይ በግራ በኩል ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ የከፈትክበትን። አንድ ሰው ድሮ በላዩ ብረት ለጥፎበታል፤ እሱ ሥር ሌላ ልጥፍ አለ፤ ከዚያ ሥር የቀረው ብረት ሳይሆን ቡናማ ዱቄት ነው። አንተ ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠህ አውጥተኸዋል። ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ዘንግ ወጥረህ በይደኸዋል። ይቺን ነገር ማን አሳየህ? ማይነር እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከማት። የበር ሥሩ ላሜራ ያለ ድጋፍ ከተነሳ መሃሏ ይሰምጣል፣ በሩም ከዚያ በኋላ ተስተካክሎ አይዘጋም። ሁለቱንም ጎን ባንዴ ቆርጦ መኪናውን ለዘለዓለም ያጣመመ ሰው አለ። አንተ ግን አንዱን ጎን ጨርሰህ ሌላውን አልነካኸውም። በዚህች ቅጽበት ጋራዥህ ውስጥ ያለው ነገር፣ በአንድ ጎን የበሰበሰው በሌላ ጎን የተሠራው ጎን ለጎን ቆሞ፣ ከየትኛውም ሲቪ ይበልጣል። ሁለቱንም ስትጨርስ ግን ይህ ንጽጽር ይጠፋል።

የፕላስቲክ ከረጢቶቹም ልቤን ነክተውኛል። እያንዳንዱን ቡሎንና ዳዶ በከረጢት አድርገህ፣ በወረቀት ፕላስተር ላይ በአማርኛ ጽፈህበታል፦ «የግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ፣ 3 ቡሎን፣ አንዱ የተበላ።» ይቺ «አንዱ የተበላ» የምትለዋ ነች ቁጭ ብዬ ረዘም አድርጌ እንድጽፍልህ ያደረገችኝ። ማንም ሳያይህ የተበላውን የተበላ ነው ብለህ የምትጽፍ ሰው ነህ ማለት ነው።

አሁን የጎደለህ መዝገብ ነው። አንድ ደብተር ግዛ፤ ቀኑን፣ ስትከፍት ያገኘኸውን፣ ያደረግከውን፣ የተጠቀምክበትን የብረት ውፍረት ጻፍ። ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ጻፍ። ቤት ውስጥ ሰዓት የሚቆጥርብህ የለም፤ ጋራዥ ግን ደንበኛውን በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፤ ቤት ውስጥ የተማረን ልጅ ሲያዩ የመጀመሪያ ፍርሃታቸውም ይኸው ነው። የግራው ጎን 60 ሰዓት ከፈጀብህ ሳታፍር 60 በል። የቀኙ በ40 ካለቀ፣ ያ የ20 ሰዓት ልዩነት ምን ያህል እንደተማርክ ያሳያል። ፎቶም ከመቁረጥህ በፊት፣ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከተበየደ በኋላ፣ ከቀለም በፊት አንሳ። የብየዳውን ጀርባ አትርሳ።

ቋንቋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆቻችን እዚህ ጋር ነው የሚደናቀፉት። ከአዲስ አበባ ጋራዥ ይዘናቸው የመጣናቸው ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያን የቀሩ ናቸው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ። በርሚንግሃም ውስጥ ፍሪሲዮን ብትል የሚገባው የለም፤ ክላች ነው። ካምቢዮ ጊርቦክስ ነው፣ ካንዴላ ስፓርክ ፕላግ፣ ባሌስትራ ሊፍ ስፕሪንግ። ሥራውን ታውቀዋለህ፣ ስሙ ግን ቃለ መጠይቅ መሃል ይጠፋብሃል፤ ያኔ የማያውቅ ትመስላለህ። ከረጢቶቹ ላይ አማርኛውን አታጥፋው፤ ከጎኑ እንግሊዝኛውን ጻፍበት። በሁለት ወር ውስጥ ሳታጠና ትይዘዋለህ።

ሌላው ነገር የቁልፎቹ ልክ ነው። የአንተ መኪና በኢንች የተሠራች ናት። ጭንቅላቱ ግማሽ ኢንች የሆነ ቡሎን በ13 ሚሊሜትር ቁልፍ ብትይዘው የገጠመ ይመስልሃል፤ ልኩ ግን 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ ጠንከር አድርገህ ስታዞረው ጥጉን ይበላዋል። ያ ከረጢት ላይ የጻፍከው ቡሎን እንዲህ የተበላ ይመስለኛል። አንድ ደህና የኢንች ቁልፍ ስብስብ ግዛና ለቃለ መጠይቅ ስትሄድም ይህን አንሳላቸው።

ስለ ማይነር ከተነሳ ደግሞ የፊት እግሯን ሳይጠይቁህ አይቀሩም። ጎማውን የሚይዘው ዘንግ ከላይና ከታች ትራኒየን የሚሉት ክር ያለው ቁራጭ ውስጥ ይሽከረከራል፤ መሪ ባዞርክ ቁጥር ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። ግሪስ ካጣ ክሩ ቀስ በቀስ ይበላል፤ አንድ ቀን ይለቅና ጎማው ወደ ጎን ተጣጥፎ መኪናዋ አፍንጫዋን አስፋልት ላይ ትጥላለች። የማይነር የታወቀ በሽታዋ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ደግሞ በየጊዜው የግሪስ ፓምፕ ይዞ በየጎኑ ላይና ታች መስጠት፣ ጎማውን አንስቶ መነቅነቅ፣ ልቅነት ካለ መቀየር ብቻ ነው። ይህን በራስህ አፍ፣ በራስህ መኪና ምሳሌ ማስረዳት ከቻልክ «ለመኪና ፍቅር አለኝ» ማለት አያስፈልግህም።

አንዲቱን ፎቶ ግን አልወደድኳትም። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነስታ አንተ ሥሯ ተኝተሃል። እባክህ ወንድሜ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ ሁለት የብረት መቆሚያ ሳታስገባ እጅህን እንኳ ከሥሯ አታስገባ። የነዳጅ ጋኑንም ሳታወርድ ከኋላ በኩል ብየዳ አትጀምር። ባዶ ጋን ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ እዚህ አገር ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። ስለዚህ የፍሬኑን አቧራ በአየር አትንፋው። ማንም አሠሪ ያቺን ፎቶ ቢያይ የቀረውን ሳያይ ይዘጋዋል፣ ልክም ነው።

እናትህንና ሒሳብን በተመለከተ አንድ ታሪክ ልንገርህ። የምትጠግናትን መኪና የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ እንግሊዝ አገር የተወለደ ሰው አልነበረም። የተወለደው በ1906 ስምርና፣ ቱርክ ውስጥ ባለችው የዛሬዋ ኢዝሚር ነው። በ1922 በግሪክና በቱርክ ጦርነት ምክንያት ከወላጆቹ ጋር አገሩን ጥሎ ወጣ፤ አባቱ መንገድ ላይ ማልታ ሞቱ፤ እሱ ከእናቱ ጋር እንግሊዝ ገባ። ለንደን ባተርሲ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ሲማር የሒሳብ ፈተና ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከዚያ ምን አደረገ? ሥራ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ከአንድ ጓደኛው ጋር ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ የውድድር መኪና በእጁ መሥራት ጀመረ። ዓመታት ፈጅታ በ1938 አለቀች። በ1948 ማይነር ለሕዝብ ታየች፤ በ1959 ሚኒ የተባለችውን ትንሽ መኪና አመጣ። ማይነርን ደግሞ ከመውጣቷ በፊት ቅርጿ አልጥም ቢለው የሙከራውን መኪና ለሁለት አስቆርጦ፣ ደስ እስኪለው ድረስ ግራና ቀኙን አራርቆ፣ 4 ኢንች አስፍቷታል። ኮፈኗ መሃል ላይ የሚሄደው ጠፍጣፋ መስመር የዚያ ምልክት ነው። ዛሬ ማታ ሄደህ እጅህን አሳልፍበት። እኔ ይህን ለእናትህ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ለእናትህ የሚነገር ሌላም አለ። ብየዳና ላሜራ ሥራ የማይነር ብቻ አይደለም። የድሮ መኪናው በር ባይከፈትልህ እንኳ በወረቀት የተረጋገጠ የብየዳ ችሎታ ባቡር ጋር፣ ሕንጻ ጋር፣ ፋብሪካ ጋር ያስገባሃል። ለዚህ ነው ሞተሩን ሳይሆን ላሜራውን ያዝ የምልህ። በማይነር ውስጥ ያለው 1098 ሲሲ ሞተር ትውልዱ ከዚያው ከአንተ ከተማ፣ ከሎንግብሪጅ የኦስቲን ፋብሪካ ነው፤ ዕቃው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፣ የሚያውቀውም ብዙ ነው። የአንዲት መኪና እድሳት ሰዓቱን የሚበላው ግን ብረቱ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። «ሄሪቴጅ ኢንጂነሪንግ ቴክኒሺያን» የሚባል ደረጃ 3 አፕረንቲስሺፕ፣ ማለትም እየተከፈለህ ሥራ ላይ የምትማርበት ሥልጠና፣ አለ፤ ለድሮ ተሽከርካሪ ሥራ የተዘጋጀ። ከሚያስተምሩት አንዱ ሄሪቴጅ ስኪልስ አካዳሚ ነው፤ ቢስተር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ፣ የድሮ የአየር ኃይል ጣቢያ ውስጥ ይገኛል። የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ግን መጀመሪያ የሚቀጥርህ ጋራዥ ማግኘት አለብህ፤ ትምህርቱ ከሥራው ጋር ነው የሚሄደው። ሒሳቡን በተመለከተ፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 19 ዓመት ከሞላህ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ወረቀት መያዝ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ ለአሠሪው ነው የተተወው። በነዋሪነት ወረቀትህ መግባት ትችል እንደሆነ ግን ከማመልከትህ በፊት ጠይቅ።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገርህ። በኤፕሪል 2025 በወጣው ልክ የአፕረንቲስ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፤ ዕድሜው 21 ለሞላው መደበኛ ሠራተኛ ደግሞ 12.21 ነበር። አንተ ዝቅተኛው የሚመለከትህ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ የዕድሜህ ልክ ይከፈልሃል። በየኤፕሪሉ ስለሚለወጥ እያየህ ተከታተል። እና ያቺን አንድ ዓመት እንዴት እንደምትሻገራት ሳታሰላ መጋዘኑን እንዳትለቅ። ከአሁኑ ከየደሞዙ ቆንጥረህ አስቀምጥ። ማታ የምትሠራ ከሆነ ኮሌጅ ውስጥ የቀን የብየዳ ኮርስ ፈልግ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ላግዝ ብለህ ከከተማው ዙሪያ ላሉ አዳሾች ጻፍ። አምስቱ አይመልሱልህም፤ ስድስተኛው ና ይልሃል።

መኪናዋን ሸጬ አተርፋለሁ ብለህም አታስብ። በደንብ የታደሰች ማይነር ብዙ ጊዜ የወጣባትን እንኳ አትመልስም። ለአንተ የምታስገኘው ሌላ ነው። 40 ዓመት ያለፈው መኪና ብዙ ካልተቀየረ ከሜይ 2018 ወዲህ የዓመት ምርመራ፣ ኤምኦቲ፣ ግዴታ የለበትም። አንተ ግን ስትጨርሳት በፈቃድህ አስመርምራት፤ ከፍተኛው ክፍያ 54.85 ፓውንድ ነው። ብየዳህን የማያውቅህ ሰው በመዶሻና በመብራት አይቶ የሚጽፈው ወረቀት ነው። ብትወድቅም ወረቀቱን አስቀምጠው፤ ያስተካከልከውን ከጎኑ ጽፈህ ደብተሩ ውስጥ ለጥፈው።

የቀኙን ጎን እስካሁን አልከፈትክም። የብረት መቆሚያዎቹን እስክትገዛ ድረስ አትክፈተው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሰዓትህን ጻፍ፣ ፎቶውን አንሳ፣ ጀምር። በዚያው ሳምንት ለጋራዦቹ የምትልከውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍና ላክልኝ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። የግራውን ጎን ሁለት ፎቶ፣ የብየዳውን ጀርባ ጨምሮ፣ አያይዘው። ደብዳቤውን አብረን እናርመዋለን።