ማን ለማን ይቃኝ?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ቤዝ ተጫዋች ደወለችልኝ። ከሁለት ፈረንጆች ጋር ባንድ መሥርተዋል። «ጋሼ፣ ማሲንቆ ተጫዋቻችን ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም አለን። ምን እናድርገው?» አለችኝ። እሱን ምን እናድርገው! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እናም ለእሷም፣ እንደ እሷ ቅልቅል ባንድ ለጀመራችሁም ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ።

ሳውንድ ላይ ሥራ ስጀምር ገመድ ጠቅላይ ነበርኩ። ከውጭ የመጣ አንድ የጃዝ ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ አዝማሪ ጋር ሊጫወት ልምምድ ያዘ። አዝማሪው ጎልማሳ ነው። ጋቢውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ፤ የደጋኑን ጭራ በዕጣን አሸት አሸት አደረገው። ክረምት ስለነበር የማሲንቆው ቆዳ ረግቧል። ወደ መድረኩ መብራት አስጠግቶ አሞቀው። ከዚያ ማንም ጀምር ሳይለው በአምባሰል ቅኝት አንድ ዜማ ለቀቀ። አዳራሹን ይጠርግ የነበረው ሰውዬ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆመ።

ኪቦርዲስቱ ድምፁን ቁልፎቹ ላይ ፈለገው፤ አጣው። የአዝማሪው ድምፅ ያለው በሁለት ቁልፎች መካከል ነው። «ትንሽ ከፍ ይበልልን» አለ። ለሳክስፎኑም ለትራምፔቱም የሚመቸው ከፍ ያለው ድምፅ ነበርና። ተተረጎመለት። አዝማሪው ምንም ሳይል መቃኛውን ጠመዘዘ።

ማሲንቆ እኮ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። አዝማሪ ደግሞ የሚቃኘው በጉሮሮው ልክ ነው። ክሩ ከፍ ካለ ጉሮሮውም አብሮ መውጣት አለበት። ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ደገመው። አሁንም ተሰነጠቀ። ከዚያ ዘፈኑን ተወና ማሲንቆውን ብቻ መምታት ቀጠለ።

ዝግጅቱ ሞቅ አለ፣ ተጨበጨበ፣ ተቀዳም። ካሴቱ ላይ ማሲንቆው አለ፤ የሰውየው ድምፅ የለም። ያቺን አምባሰል የሰማነው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን። እሱም ካረፈ ቆየ። እስካሁን ይቆጨኛል። ፈረንጆቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሁላችንም ግን ኪቦርዱ የማይነቃነቅ ዓለት መስሎን ነበር።

ቅኝት አይነካ ማለቴ ነው? አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ማንን አስፈቅዶ ነው? ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ቅኝታችንን ከላቲን ምት ጋር አጋባው። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን አስጮኸ፤ ያኔ ለሳክስፎኑ ያዘነ የለም! ኋላም ሰባ ሊሞላው ሲቃረብ የሆላንዶቹን የፓንክ (ሻካራ የሮክ ሙዚቃ) ባንድ ዘ ኤክስን ራሱ መረጣቸው። እነሱም ጊታራቸውን ይዘው የእሱን ዜማ አጠኑ። ሞአ አንበሳ የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። እስቲ ስሙት፤ ጊታሩ አልተለሳለሰም፣ ፉከራውም አልተገራም።

እናንተ የዛሬ ልጆች የስልካችሁ ቱነር (መቃኛው አፕ) አረንጓዴ ካላበራ ጆሯችሁን አታምኑም። ልምምድ ሳይጀመር ፖስተር ይለቀቃል። ለነገሩ እኛም ልምምድ ሳንጀምር ሱፍ እናሰፋ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጀመሪያ ማሲንቆ ተጫዋቹ ብቻውን ይዝፈን፤ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይስማ። የእሱ ድምፅ ያረፈበትን ያዙ። የዘመኑ ኪቦርድ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ከዚያም ባነሰ ከፍና ዝቅ ማለት ይችላል፤ ሜኑው ውስጥ ፈልጉት። ቤዝና ጊታር እንደገና ይቃኛሉ። ሳክስፎኒስቱ የሳክስፎኑን መንፊያ ትንሽ ሳብ ወይም ገፋ ቢያደርግ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ኮርድ (ብዙ ድምፅ ባንዴ መምታት) አታብዙ። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ ኮርድ ሲከመርበት የትዝታ ቅኝት ከባቲ ቅኝት አይለይም።

ሥራው ሲወጣም የማሲንቆ ተጫዋቹን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጻፉ። «ባህላዊ መሣሪያ» ብላችሁ እንዳታልፉት።