ዝም ማለት መከልከል ነው

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ሠዓሊ ሥራዎቿን በስልኳ አሳየችኝ። ያምራሉ። «ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ለቅቄያቸዋለሁ፤ የፈለገ ሰው ይጠቀምባቸው» አለችኝ። «ይሄን የት ላይ ጻፍሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። የትም አልጻፈችውም። የፈቀደችው በልቧ ነው። በልብ ያለ ፈቃድ ደግሞ ለሌላ ሰው አይታይም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው።

ፎቶ በማንሳትና ድምፅ በመቅዳት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከሠራሁት አብዛኛው ማንም ሳያየው ሳጥን ውስጥ የጋን መብራት ሆኖ ቀርቷል። ዛሬም ያንገበግበኛል። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር አለ። ግጥም ስትጽፉ፣ ሥዕል ስትሥሉ፣ ፎቶ ስታነሱ የቅጂ መብቱ ወዲያውኑ የእናንተ ይሆናል። ማስመዝገብ አይጠይቅም። «መብቱ የተጠበቀ ነው» ብሎ መጻፍም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚመራበት የበርን ስምምነት ከያዛቸው መርሆች አንዱ ይህ ነው። ለጽሑፍና ለሥዕል ጥበቃው የሠራው ሰው ከሞተ በኋላም ቢያንስ 50 ዓመት ይቆያል። በብዙ አገር 70 ዓመት ነው።

ጥሩ ሕግ ነው። ግን ምንም ካላላችሁ፣ ዝምታችሁ «አልፈቀድኩም» ተብሎ ነው የሚተረጎመው። ይህ ማንን እንደሚጎዳ ተመልከቱ። መማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጅ መምህርት ሥዕላችሁን ታያለች፣ ትወደዋለች፣ ባለቤቱን ፈልጋ ታጣለች፣ ትተወዋለች። ደንታ የሌለው ሰው ግን ስማችሁን ቆርጦ ጥሎ ይወስደዋል። ዝምታ ጨዋውን ያስቀራል እንጂ ሌባውን አያቆምም።

ለዚህ መላ የተገኘው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሎረንስ ሌሲግ የተባሉ የሕግ ምሁር ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ «መብቱ የእኔ ነው። እንዲህ እስካደረጋችሁ ድረስ ግን ሳትጠይቁኝ ተጠቀሙበት።» «እንዲህ» የሚለውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በስድስቱም ፈቃዶች ስማችሁ ይጠቀሳል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ፣ ከሥራችሁ ተነሥቶ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው እሱም በተመሳሳይ ፈቃድ እንዲያካፍል ማስገደድ ትችላላችሁ። ለንግድ እንዳይውል ማለት ይቻላል። እንዳይለወጥ ማለትም ይቻላል። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ሲሲ ዜሮ አለ («ሲሲ» የክሪኤቲቭ ኮመንስ አጭር ስም ነው)፤ እሱ መብትን ጠቅልሎ መተው ነው።

ወጣቶች ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚመርጡት «ለንግድ አይዋል፣ አይለወጥ» የሚለውን ነው። ይገባኛል፤ ሰው የደከመበትን ይሳሳለታል። ግን አስቡበት። ዊኪፔዲያ ሥዕሎቹን የሚያስቀምጥበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ከእነዚህ ሁለት ገደቦች አንዱም ያለበትን ሥራ አይቀበልም። መጽሐፍ አሳትማ የወረቀቱን ዋጋ ለማውጣት የምትሸጥ ትንሽ አሳታሚም መንካት ትፈራለች። «አይለወጥ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ መዘዝ አለው። ትርጉምን ይከለክላል። ትርጉም ለውጥ ነውና፣ የጻፋችሁትን ታሪክ ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ ማሰራጨት አይቻልም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ ፕሮጀክት አለ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ስቶሪዊቨር እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ። ሁለቱም ብዙ የልጆች ታሪኮችን ስም መጥቀስን ብቻ በሚጠይቀው ፈቃድ፣ በሲሲ ባይ፣ ይለቃሉ። ስለዚህ አንዱ የጻፈውን ታሪክ፣ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው በራሱ ቋንቋ ይመልሰዋል። ሥዕሉ ያው ነው፣ ቃሉ ግን አዲስ። በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ልጅ መጽሐፍ ያገኛል። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፣ ጠበቃ አልቀጠረም። ፈቃዱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ በቃ።

«አንድ ሰው ሥራዬን ወስዶ አጥር ቢያጥርበትስ?» ለምትሉ፣ «በተመሳሳይ ፈቃድ አካፍል» የሚለውን ምረጡ። የዊኪፔዲያ ጽሑፎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዚህ ነው ያሉት።

ትልልቅ ሙዚየሞችም በራቸውን ከፍተዋል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375,000 የሚጠጉ ምስሎችን በሲሲ ዜሮ ለቀቀ። ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 በ2.8 ሚሊዮን ምስሎች ጀመረ። ግን እናንተ ሙዚየም አይደላችሁም። ቤት ኪራይ አለባችሁ። ሁሉንም ልቀቁ የሚላችሁን አትስሙ። የምትኖሩበትን ሥራ ያዙ፤ በብዙ ሰው እጅ ቢገባ ደስ የሚላችሁን ልቀቁ። የለቀቃችሁትንም ቢሆን፣ ከፈቃዱ ውጭ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው በተለየ ውል መሸጥ ትችላላችሁ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ትንሹን ፋይል ክፍት አድርጌ ትልቁን እሸጣለሁ» አትበሉ። ሁለቱ በሕግ ፊት አንድ ሥራ ሊባሉ ይችላሉ፤ ያኔ ፈቃዱ ትልቁንም ይሸፍነዋል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ መብቱ በእጃችሁ መሆኑን አረጋግጡ። በወጣትነቴ አንድ አሳታሚ ያቀረበልኝን ውል ሳላነብ ፈረምኩ። መጽሐፉ አንዴ ታተመና አለቀ። ድርጅቱም ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ አንድ መምህር ከመጽሐፉ ጥቂት ፎቶዎች ለትምህርት ሲጠይቀኝ፣ በገዛ ፎቶዎቼ «አልችልም» አልኩት። መብቱን ለዘለቄታው አሳልፌ ሰጥቼ ነበር። ለቀጣሪያችሁ የሠራችሁትም የቀጣሪያችሁ ሊሆን ይችላልና ውላችሁን አንብቡ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት እናት ሲያዜሙ ቀዳሁ። መቅዳቴን ፈቅደው ነበር፤ ደስ ብሏቸውም ነበር። በኋላ ክፍት ፈቃድን ስለምድ፣ በደስታ ብዛት ያንን ድምፅ በሲሲ ባይ ለቀቅኩት። እሳቸው ያኔ በሕይወት አልነበሩም። ልጃቸውን መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ከዕለታት አንድ ቀን ዜማው የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ተሰማ። የእኔ ስም በትክክል ተጠቅሷል። በፈቃዱ መሠረት የተሰበረ ደንብ የለም። ልጃቸው ደውለው «የእናቴን ድምፅ ዕቃ ሲሸጥ ሰማሁት» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም የምለው አጣሁ።

ፈቃዱን መልሼ መውሰድ አልቻልኩም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ አንዴ ከተሰጠ አይሻርም። ከራሳችሁ ገጽ ላይ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ቀድሞ በእጁ የገባ ሰው ግን በፈቃዱ መሠረት መጠቀሙን ይቀጥላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ቀን እደሩበት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ያውቃል? ፈቃዱ የእናንተን የቅጂ መብት ነው የሚመለከተው፤ የሰውየውን ገመና አይሸፍንም። ዜማው፣ ተረቱ፣ ጌጡ የአንድ ማኅበረሰብ ከሆነ፣ እናንተ መቅረጻችሁ ባለቤት አያደርጋችሁም። ለሁሉም ጆሮ ያልሆነ ነገር አለ። ሎካል ኮንቴክስትስ የሚባል ድርጅት ለዚህ የተለዩ ምልክቶችን አዘጋጅቷል፤ ማኅበረሰቡ ራሱ «ይህ እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ ይሰማል» ወይም «ለንግድ አይሁን» የሚልባቸው ናቸው። አጥንታችሁ ተጠቀሙባቸው። ከምልክቱም በፊት ግን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።

አጻጻፉ አጭር ነው። የሥራው ርዕስ፣ ስማችሁ፣ የፈቃዱ ስም ከነእትም ቁጥሩ፣ እንዲሁም ወደ ፈቃዱ የሚወስድ ሊንክ። ለፈቃዱ ስም «ሲሲ ባይ 4.0» ማለት በቂ ነው። ምስሉ አጠገብ ጻፉት፤ ፋይሉ ውስጥም አስገቡት፤ ምስል ከገጹ ተለይቶ ነው የሚዞረው። ስማችሁን የዘለለ ሰው ካገኛችሁ በቁጣ አትጀምሩ። ብዙው ሰው ባለማወቅ ነው። በ4.0 እትም ደንብ፣ ጥፋቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ በራሱ ይመለስለታል። አንድ መልካም መልእክት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ያቺ ሠዓሊ በማግስቱ ሊንክ ላከችልኝ። ከ40 ሥዕሎቿ አሥራ አንዱ ሥር ፈቃዱን ጽፋለች። ሌሎቹን ለራሷ ይዛቸዋለች። መርጣለች፤ ደስ አለኝ።

እኔም ሳጥኑን ከፍቼ ሥራዎቼን በሦስት እየከፈልኩ ነው። አንዱ የምለቀው፣ አንዱ የምይዘው፣ አንዱ ደግሞ ሰው የምጠይቅበት። የእኚያ እናት ካሴት ሦስተኛው ውስጥ ነው። ያልወጡ ሌሎች ዜማዎች አሉበት። ለልጃቸው ደውዬ ቅዳሜ እንድመጣ ፈቅደውልኛል። ካሴቱን ይዤላቸው እሄዳለሁ።