ስለ አሸንድየ በዓልና ስለ ኦሮምኛ መዝሙር

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በአጥቢያችን የላስታ፣ የዋግና የራያ ሰዎች፣ ከከሚሴ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም አሉ። ነሐሴ 16 ልጃገረዶች የአሸንድየ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ቢመጡ «ይህ ዘፈን ነው» ተብለው ከበር ተመለሱ። በኦሮምኛ መዘመርም ሥርዓት ያፈርሳል የሚሉ አሉ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጆቹ ባይመለሱ ጥሩ ነበር። የከለከሏቸውም የፈሩት ከንቱ ነገር አይደለም፤ ቅዳሴውና ማኅሌቱ ለማንም ባህል ሲባል አይለወጥም። የዋጉ ሻደይ፣ የላስታው አሸንድየና የራያው ሶለል ግን ቅዳሴ ውስጥ እንግባ አላሉም። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የሚከበር፣ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ተያይዞ የኖረ የልጃገረዶች ደስታ ነው።

ስለዚህ ጊዜው ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ካሰናበተ በኋላ ይሁን። ቦታው ከቤተ መቅደሱ ራቅ ይበል። የማኅሌቱ ከበሮ ከዕቃ ቤት አይውጣ፤ ልጆቹ የራሳቸውን ይዘው ይምጡ። ጥንቃቄ የሚበዛው ግጥሙ ላይ ነው። እመቤታችንን የሚያመሰግን አለ፤ የጎበዝ ቁመና የሚያወድስም አለ፤ ለዚህኛው ቦታው ሰፈር ነው። ይህን መለየት የሚችሉት በዜማው ያደጉ የላስታና የሰቆጣ እናቶች ናቸው። ሱባኤው ሳያልቅ ሁለት ሦስት ሆነው ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ይስሙት። በበዓሉ ጠዋት በር ላይ ልለይ ከተባለ ጠብ ይሆናል።

ኦሮምኛው ሥርዓት አያፈርስም። በበዓለ ሃምሳ ሁሉም በየቋንቋው ሰማ (ሐዋ. 2፥6)። ጳውሎስም የሚባለውን የማያውቅ ሰው እንዴት አሜን ይላል ብሎ ይጠይቃል (1ኛ ቆሮ. 14፥16)። መዝሙሩ ግን እንደማንኛውም መዝሙር ይመርመር። ግጥሙ ከነአማርኛ ፍቺው ተጽፎ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ይድረስ፤ ስለ ሥላሴና ስለ ተዋሕዶ የሚናገሩትን ቃላት ቋንቋውን የሚያውቅ ካህን ይያቸው። ከዚያ መዘምራኑ በሙሉ ያጥኑት። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ብቻ ከዘመሩት «የእነሱ መዝሙር» ሆኖ ይቀራል። ስብከት በአስተርጓሚ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ስለሚፈጅ ሰባኪው የ20 ደቂቃውን በ10 ያዘጋጅ።

እኔን ከመዝሙሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ንስሐው ነው። ሰው በማይደላው ቋንቋ ሲናዘዝ ያለበትን ትቶ አፉ የቻለለትን ብቻ ይናገራል። ኦሮምኛ የሚችል ካህን በአጥቢያችሁ ከሌለ ከወረዳው ቤተ ክህነት ጠይቁ፤ በየጾሙ አንድ ቀን እንኳ ይምጣላቸው።

በዓመት አንድ ቀን የየአገሩን ልብስ ለብሶ መሰለፍ ብቻውን አይበቃም። በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ከዕለት ምግቡ ተዘለሉ (ሐዋ. 6፥1)። ሐዋርያት ለዚህ ሰባት አገልጋዮች አስመረጡ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ኒቆላዎስማ ከአንጾኪያ መጥቶ ወደ ይሁዲነት የገባ ሰው ነበር። እናንተም የሰበካ ጉባኤውን አባላትና የጽዋ ማኅበሩን ተረኞች ዝርዝር አውጥታችሁ እዩ። ከከሚሴ በኩል የመጣ ቤተሰብ ጽዋ ተቀብሎ ያውቃል? ካላወቀ የሚቀጥለውን ወር ስጡት፤ ዝክሩ ከከበደው ከአንድ የቆየ አባል ጋር ተጋግዘው ያውጡት።