«ጠረጴዛው ሥር» ወይስ «ከጠረጴዛው ሥር»? መስተዋድድን ለትንንሽ ልጆች ስለ ማስተማር

ጥያቄ፦ የ2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ለመስተዋድድ ትምህርት ከአንድ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ያገኘሁትን ቻርት ወደ አማርኛ መልሼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ኳስና ሳጥን ተሥለውበታል፤ በየሥዕሉ ግርጌም «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ሥር»፣ «አጠገብ» የሚል አንድ አንድ ቃል ተጽፎበታል። ልጆቹ ቃላቱን በአንድ ቀን ያዟቸው። ስለ አንዲት ድመት ዓረፍተ ነገር ጻፉ ስላቸው ግን ከፊሉ «ድመቷ ጠረጴዛው ሥር ተኛች»፣ ከፊሉ «ከጠረጴዛው ሥር ተኛች»፣ ሌላው ደግሞ «በጠረጴዛው ሥር ተኛች» ብሎ አመጣ። ለየትኛው ራይት፣ ለየትኛው ኤክስ ልስጥ? በዚህ ዕድሜስ መስተዋድድን እንዴት ማስተማር ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ሦስቱም ትክክል ናቸውና ለሦስቱም ራይት ይስጡ። ችግሩ ያለው ከቻርቱ ላይ ነው፤ ልጆቹ የሚናገሩትን አማርኛ በትክክል ጽፈዋል። ቻርቱ የተሠራው የቦታን ዝምድና በአንድ ቃል፣ ያንንም ቃል ከስሙ በፊት አስቀድሞ ለሚናገር ቋንቋ ነው። አማርኛ ግን ስሙን ከፊትም ከኋላም ይይዘዋል። ከፊት «በ»፣ «ከ»፣ «ለ»፣ «ወደ»፣ «እስከ» ይመጣሉ፤ ከኋላ «ላይ»፣ «ሥር»፣ «ውስጥ»፣ «አጠገብ»፣ «ጋር»፣ «ድረስ» ይከተላሉ። የኋላው ቦታውን ይነግረናል፤ የፊቱ ደግሞ ድርጊቱ ከዚያ ቦታ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳለው፣ ወደዚያ ይሁን ከዚያ ወይም በዚያ በኩል፣ ያመለክታል። በሥዕሉ ግርጌ «ሥር» ብቻ ብለን ስንጽፍ ልጁን ግማሹን አስተምረን ግማሹን ትተንበታል፤ የተተወው ግማሽ ደግሞ ከባዱ ነው።

ልጆቹ የጻፉላትን ድመት ራሷን እንከተላት። «ጠረጴዛው ሥር ተኛች» ስንል ድመቷ እዚያው ናት፤ በግሱ ውስጥ መሄድም መምጣትም ስለሌለ የፊቱ መስተዋድድ ቢቀር ትርጉሙ አይጎድልም፣ በንግግርም አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ውሻ ሲመጣባት «ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባች»፤ ውሻው ሲሄድላት «ከጠረጴዛው ሥር ወጣች»፤ ቸኩላ ስትሮጥ «በጠረጴዛው ሥር አለፈች»፤ አይጥ ስታሳድድ «እስከ ጠረጴዛው ሥር ድረስ ሄደች»። ጠረጴዛው ያው ጠረጴዛ ነው፤ ሥሩም ያው ሥር ነው። የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከስሙ በፊት የመጣው ቃልና በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያለው ግስ፤ የተለወጡትም አብረው ነው። ይህን አንድ ልጅ ከቆመ ሥዕል ሊያገኘው አይችልም፤ ምክንያቱም ሥዕል «ገባች»ን ከ«ወጣች» አይለይም። ስለዚህ ቻርቱን ለጊዜው አውርደው አንድ ወንበርና አንድ ከጨርቅ የተሠራች ድመት ቢያቀርቡ፣ ልጁ ድመቷን በእጁ እያንቀሳቀሰ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እስከ ግሱ ድረስ ቢናገር፣ ከሳምንት የቃል ጥናት የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

እስከ ግሱ ድረስ ማለቴ በምክንያት ነው። «መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ» ብለው ቆም ይበሉና ልጆቹ እንዲጨርሱት ይጠይቁ። አንዱ «አነሣው» ይላል፤ ሌላው «አስቀመጠው» ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመጀመሪያው «ከ» መነሻን ያሳያል፣ በሁለተኛው መድረሻን። «ከ» በልማድ የመነሻ ምልክት ቢሆንም «ላይ»፣ «ሥር»፣ «አጠገብ»፣ «ኋላ» የመሳሰሉት ሲከተሉት መገኛንም ሊያመለክት ይችላል፤ «ከዛፉ ሥር ተቀመጠ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። የተማሪዎ «ከጠረጴዛው ሥር ተኛች»ም ከዚሁ ወገን ነው። በኔ ጆሮ እንዲያውም ለተኛች ድመት «ከጠረጴዛው ሥር» የሚለው «በጠረጴዛው ሥር» ከሚለው ይልቅ ለአፍ ይቀላል፤ «በ» ከ«ላይ» ጋር ሲሆን ግን፣ «በጠረጴዛው ላይ» እንደምንለው፣ የጽሑፍ አማርኛ የተመቸ አነጋገር ነው። ግስ የሌለበት «ከጠረጴዛው ላይ» ገና ትርጉሙ ያልተቆረጠ ሐረግ ስለሆነ በብላክቦርድ ላይ ብቻውን ተጽፎ «ይህ ምን ያሳያል?» ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም።

ስለ «ከ» ካነሣን አይቀር፣ ልጆች ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት አነጋገር እንደየአካባቢው ይለያያል። በወሎና በሰሜን ሸዋ «ተጠረጴዛው ሥር» የሚል ልጅ ያጋጥማል፤ በጎጃም «ከቤት አለ» ማለት ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «እቤት ነኝ» የማይል የለም። እነዚህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ በክፍል ፊት ማረም ልጁ የእናቱን አማርኛ እንዲያፍርበት ያደርጋል። «አንተ እንደዚህ ትላለህ፣ ደብተር ላይ ስንጽፍ ደግሞ እንደዚህ እንጽፋለን» ማለት በቂ ነው።

የኋላዎቹ ቃላት ለልጅ የሚቀሉበት ምክንያት አብዛኞቹ በመሠረታቸው ስሞች በመሆናቸው ነው፤ በርከት ያሉት እንዲያውም ልጁ በገዛ አካሉ የሚያውቃቸው ናቸው። «ፊት» ፊቱ ነው፤ «ጎን» ጎኑ ነው፤ «ጀርባ» ጀርባው ነው። «ሥር» የዛፍ ሥር ነው። እንደ ማንኛውም ስም የባለቤት ምልክት ይቀበላሉ፤ «አጠገቤ»፣ «ሥሩ»፣ «ውስጣችን»፣ «ላይህ» እንላለን። አልጋ እንኳ «ራስጌ»ና «ግርጌ» አለው። ስለዚህ ትምህርቱ ከሣጥንና ከኳስ ሳይሆን ከልጁ አካል ቢነሣ ቋንቋው ራሱ ያግዝዎታል። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው «ፊት ለፊት ቁሙ»፣ «ጎን ለጎን ቁሙ»፣ «ጀርባ ለጀርባ ቁሙ» ይበሏቸው፤ በመካከል ያለችውን «ለ» ማንም ሳይነግራቸው ይሰሟታል። ግእዝ «ውስተ ቤት»፣ «ምስለ እሙ» ሲል መስተዋድዱን ከስሙ በፊት ያስቀድም ነበር፤ ትግርኛም «ኣብ ውሽጢ ገዛ» ሲል ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዞ ቆይቷል። አማርኛ ግን «ቤት ውስጥ»፣ «ከእናቱ ጋር» ብሎ ብዙውን ወደ ኋላ አዙሮታል። ሊቃውንት ይህን ለውጥ አማርኛ እንደ አገውኛና ኦሮምኛ ካሉት ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ካለው ረጅም ጉርብትና ጋር ያያይዙታል። ይህ ለልጆቹ የሚነገር ባይሆንም፣ ከሌላ ቋንቋ የተቀዳ ቻርት ለምን እንደማይገጥም ለመምህሩ ግልጽ ያደርግለታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቀስ ማለት ያስፈልጋል። «ከእኔ ፊት ቆመ» እና «ከእኔ በፊት መጣ» በአንዲት «በ» ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ቦታ ነው፣ ሁለተኛው ጊዜ። «ከበሩ ኋላ ተደበቀች» እና «ከምሳ በኋላ ተኛች»ም እንደዚሁ ናቸው። «ላይ» እና «በላይ» ደግሞ ሁለቱም ቦታን ቢያሳዩም መነካካትና አለመነካካት ይለያቸዋል፤ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አምፖሉ ግን ከጠረጴዛው በላይ ተንጠልጥሏል። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ እነዚህን በንግግር አይስታቸውም፤ በጽሑፍ ግን «በ»ን ይውጣታል ወይም ያለ ቦታዋ ይጨምራታል። በሰልፍ ላይ «ከእኔ በፊት ነው» ሲባል ቦታውም ጊዜውም አንድ ላይ ስለሚሆን፣ ለመለማመጃ ሰልፍን አይምረጡ፤ ፎቶግራፍ ለመነሣት የቆሙ ልጆችን ይምረጡ።

ጨዋታ ከፈለጉ አኩኩሉ ከሁሉም ይበልጣል። «አኩኩሉ!»፣ «አልነጋም!» እየተባባሉ ሲደበቁ ልጆቹ ከበሩ ኋላ፣ ከአግዳሚው ሥር፣ ከመምህሯ ጠረጴዛ አጠገብ ናቸው፤ ፈላጊው ያገኘውን ልጅ «ከበሩ ኋላ ተደብቀህ አገኘሁህ» ብሎ ሙሉውን ካልተናገረ አልያዘውም ብለው ሕግ ያውጡ። ቀጥሎ የተያዘው ልጅ «ከበሩ ኋላ ወጣሁ» ይበል። አንዱ ተደብቆ፣ አንዱ ወጥቶ፣ «ከበሩ ኋላ» የሚለው ሐረግ በሁለት ትርጉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነገራል ማለት ነው፤ ከላይ በመጽሐፉ ምሳሌ ያየነውን ልጆቹ እዚህ በእግራቸው ይኖሩታል።

«ጋር»ን በተመለከተ፣ እርስዎ ባይጠይቁኝም ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም እየዘነጉት ያለ ልዩነት ስላለ አላልፈውም። «ከሐኪም ጋር ሄድኩ» ማለት እኔና ሐኪሙ አብረን ሄድን ማለት ነው። «ሐኪም ጋ ሄድኩ» ማለት ሐኪሙ ወዳለበት ሄድኩ ማለት ነው፤ በጽሑፍ «ሐኪም ዘንድ» እንላለን። ዛሬ «ሐኪም ጋር ሄድኩ» እየተባለ ሁለቱ ተቀላቅለዋል፤ ሰሚው ማን ከማን ጋር እንደሄደ ደግሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ልጁ ገና ሲጀምር «ከ» እና «ጋር»ን እንደ ሁለት እጆች አድርጎ አብሮ ቢማራቸው፣ «ከአያቴ ጋር ነኝ» እና «አያቴ ጋ ነኝ» ለየብቻ ቦታቸውን ይይዛሉ።

በጽሑፍ ላይ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከሚቀጥለው ስም ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ፤ «ወደ» እና «እስከ» ለብቻቸው መቆማቸው የተለመደ ነው። ልጆች «በ»ን ለይተው እንዲያዩ ከፈለጉ «በቤት»ን እና «በሬ»ን ጎን ለጎን ይጻፉና የመጀመሪያዋን ፊደል በእጅዎ ይሸፍኑ። ከአንደኛው «ቤት» ይተርፋል፤ ከሁለተኛው «ሬ» ይተርፋል፣ እሱም ምንም አይደለም። ከዚያ «በበሬ ያርሳል» ብለው ይጻፉና የትኛዋ «በ» እንደምትነሣ ይጠይቁ። «ከተማ»ና «ከቤት»፣ «ለውዝ»ና «ለልጅ»ም እንዲሁ ይሠራሉ። አንዳንድ ልጅ ደግሞ «የአክስቴ ቤት»ን ከ«በ» ጋር ሲያገናኝ «በየአክስቴ ቤት» ብሎ ይጽፋል፤ በአማርኛ ሌላ መስተዋድድ ከፊት ሲመጣ «የ» ወድቃ «በአክስቴ ቤት» እንደሚሆን፣ «በየ» ግን «በየቤቱ» እንደምንለው እያንዳንዱን ለማለት የምንጠቀምበት መሆኑን በሁለት ምሳሌ ማሳየት ይበቃል፤ ሕጉን ማስጠናት አያስፈልግም።

«መስተዋድድ» የሚለውን ስም መቼ ልንገራቸው ካሉኝ፣ በ2ኛ ክፍል አያስፈልግም ባይ ነኝ። ስሙ መልካም ስም ነው፤ ሁለት ነገሮችን የሚያዋድድ፣ የሚያገጣጥም ማለት ነው። ነገር ግን ስለ ቃል ክፍሎች ቁጥር እንኳ ሰዋስው ጸሐፊዎቹ አንድ አይደሉም፤ በቆየው አከፋፈል ስምንት ሲሆኑ፣ ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው ሰዋስዋቸው ወደ አምስት አውርደዋቸዋል፣ መስተዋድድም ከአምስቱ አንዱ ነው። ልጁ በዚህ ዕድሜው የሚያስፈልገው ቃሉን በቦታው ማኖር ነው፤ ስያሜው የቃል ክፍሎችን በሚማርበት ክፍል ይደርስበታል።

እነዚሁ «በ» እና «ለ» በግስ መጨረሻም እንደሚገኙ ግን ልጆቹ ያውቁታል፣ ማወቃቸውን ሳያውቁ። «እንቆቅልህ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» ብለው የሚመልሱት ያቺን «ለ» ይዘው ነው። «ዘነበልን» እና «ዘነበብን» ምን እንደሚለያቸው ይጠይቋቸው። የገበሬ ልጅ ለአንደኛው እርሻን፣ ለሁለተኛው የተሰጣ እህልን ይጠራልዎታል። ይህን በዚህ ዓመት ማስተማር አያስፈልግም፤ ከእንቆቅልሹ መካከል አንድ ጊዜ ጣል ማድረግ ግን ይጠቅማል።

ወደ ደብተሮቹ ልመለስ። ኤክስ የሚገባው ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ለማሳየት ያህል፣ አንድ ልጅ «ድመቷ ወደ ጠረጴዛው ሥር ወጣች» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ እርማት ያስፈልገው ነበር፤ ምክንያቱም የፊቱ ቃል ወደ ውስጥ ይመራል፣ ግሱ ደግሞ ወደ ውጭ። «ድመቷ ሥር ጠረጴዛው ተኛች» ያለም ቢኖር፣ «ሥር» ከስሙ በኋላ እንደምትመጣ መመለስ አለበት። እንዲህ ያለ ሲያጋጥምዎት ግን ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣትዎ በፊት የጨርቋን ድመት ለልጁ ይስጡትና «የጻፍከውን አሳየኝ» ይበሉት። «ወደ» ሲል ድመቷን ወደ ጠረጴዛው ሥር ይወስዳታል፤ «ወጣች» ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል፣ ቀና ብሎም ያይዎታል። ከዚያ ላጲሱን የሚጠይቅዎት ራሱ ነው።